ከወገብ የተቀዳ ፈሳሽ ጊዜ አይሰጥም

ማጅራት ገትር ለአገራችን ሕዝብ እንግዳ በሽታ አይደለም። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነሥቶ አፍሪቃን አቋርጦ በሚያልፈው «የማጅራት ገትር መቀነት» ውስጥ ትገኛለች። በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. የተነሡት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን አጥቅተዋል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሰጠው ክትባት የ«ኤ» ዓይነቱ እጅግ ቢቀንስም ሌሎቹ ዓይነቶች አልጠፉም። ስለዚህ ከኅብረቱ አባላት መካከል የሕክምናና የላቦራቶሪ ትምህርት የምንከታተለው፣ ለበሽታው መለያ ከሚረዱት ምርመራዎች አንዱን፣ ማለትም የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ሕዋሳት ቆጠራን፣ በሌላ ሙያ ለተሰማሩት ጓዶቻችንም ለማስረዳት እንወዳለን።

ይህ ፈሳሽ በጤና ጊዜ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ሐኪሙ ከታችኛው የወገብ አጥንቶች መካከል በመርፌ ይቀዳዋል። በጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ውስጥ ከ5 የሚበልጡ ነጭ የደም ሕዋሳት አይገኙም። ባክቴሪያ ሲገባ ግን ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ያልፋል፤ አብዛኞቹም ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ከበዙ ቫይረስ ወይም ቲቢ ይጠረጠራል።

ቆጠራው የሚካሄደው መስመር በተሰመረበት የመቁጠሪያ መስታወት ላይ ነው። ኖይባወር የተባለው በአንድ ወገኑ 0.9፣ ፉክስ ሮዘንታል የተባለው ደግሞ 3.2 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ይይዛል። 5 ሕዋሳት ያሉበት ፈሳሽ በመጀመሪያው 4 ወይም 5፣ በሁለተኛው 16 ሕዋሳት ያሳያል። በመጀመሪያው አንዲት ሕዋስ መዘንጋት ውጤቱን ስለሚያዛባ፣ ሕዋሳቱ ጥቂት ሲሆኑ ሁለተኛው ይመረጣል፤ እርሱ ከሌለ የኖይባወርን ሁለቱንም ወገን መቁጠር ይገባል።

መርፌው የደም ሥር ነክቶ ፈሳሹ ቢቀላ፣ በተራ የተቀዱትን ቱቦዎች ማነጻጸር ነው። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እየጠራ ከሄደ ደሙ የመርፌው ነው፤ ሁሉም እኩል ከቀሉ ግን በአንጎል አካባቢ ደም መፍሰሱ ይጠረጠራል።

ዋናው ጉዳይ ግን ጊዜ ነው። በክፍል ሙቀት በተቀመጠ ፈሳሽ ውስጥ ኒውትሮፊሎች ይፈርሳሉ፤ በአንድ ሰዓት ሲሶ ያህሉ፣ በሁለት ሰዓት ግማሽ ያህሉ ሊጠፉ ይችላሉ። ጠዋት ተቀድቶ ከምሳ በኋላ የተቆጠረ ፈሳሽ እውነተኛውን ቁጥር አይናገርም፤ ሐኪሙም ያንን አምኖ በሽተኛውን ያለ መድኃኒት ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ ቱቦው እንደ ደረሰ ሌላው ሥራ ሁሉ ቆይቶ እርሱ ይቆጠር፤ የተቀዳበትና የተቆጠረበት ሰዓትም ይጻፍ። ሐኪሙም በሽታውን አጥብቆ ከጠረጠረ ቁጥሩን ሲጠብቅ መድኃኒቱን ማዘግየት የለበትም።

በዘመናችን የሚቆጥሩ መኪናዎች አሉ፤ ሕዋሳቱ ጥቂት ሲሆኑ ግን የሰው ዓይን ማረጋገጫነቱ አልቀረም። የፀሐይ ብርሃን በመስተዋት የሚቀበል ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የመቁጠሪያ መስታወትና ሥራውን ለነገ የማይል ሠራተኛ ካሉ፣ ምርመራው ከትልቅ ከተማ ርቆም ሊሠራ ይችላል። ተምረን ስንመለስ ይዘነው ልንገባ የሚገባን ከመኪናው ይልቅ ይህ ትጋት ነው እንላለን።