ንጋፖይ ንጋዋንግ ጂግሜ፦ ሹመታቸውና ሥልጣናቸው

ቲቤታዊው ፖለቲከኛ ንጋፖይ ንጋዋንግ ጂግሜ በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ99 ዓመታቸው ቤጂንግ ውስጥ ሲያርፉ፣ የቻይና መንግሥት በታላቅ ክብር ሸኛቸው። በስደት ያለው የቲቤት አስተዳደርም ሐቀኛና አገራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ ሲል አወደሳቸው። ብዙ ቲቤታውያን ግን አገር የሸጡ ባንዳ አድርገው ነው የሚያስታውሷቸው። ይህ ሁሉ ፍርድ የሚያተኩረው በልባቸው ላይ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፦ ያ ሁሉ ሹመት በእጃቸው ምን ሥልጣን አስገባላቸው?

በ1950 የምሥራቅ ቲቤት ገዥ ሆነው ቻምዶ በነበሩበት ጊዜ የቻይና ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ እሳቸውም ተማረኩ። በዓመቱ የቲቤት ልዑካን መሪ ሆነው ቤጂንግ ሄዱና ግንቦት 23 ቀን 1951 ባለ አሥራ ሰባት ነጥቡን ስምምነት ፈረሙ። ሰነዱ ቲቤትን የቻይና አካል ሲያደርግ፣ ነባሩ የፖለቲካ ሥርዓትና የዳላይ ላማው ሥልጣን እንደማይነኩ ቃል ገብቷል። ንጋፖይ ከመፈረማቸው በፊት በዋና ከተማዋ በላሳ ያለውን የቲቤት መንግሥት ፈቃድ አልጠየቁም። በሰነዱ ላይ ያረፉት የልዑካኑ ማኅተሞችም እዚያው ቤጂንግ የተቀረጹ ነበሩ። ባንዳ የሚሏቸው ሰዎች ዋና ማስረጃ ይህ ነው፤ ቀላል ማስረጃም አይደለም። ሆኖም በዚያ ቀን አልፈርምም ቢሉ ምን ይለወጥ ነበር? የምሥራቁ ጦር ተበትኗል። ኤል ሳልቫዶር በኅዳር 1950 ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው የቲቤት ጉዳይም ለሌላ ጊዜ ይቆይ ተብሎ ተትቷል። ዳላይ ላማው ራሳቸው በ1951 መገባደጃ ስምምነቱን በቴሌግራም ተቀብለው፣ ውድቅ ያደረጉት በ1959 ከተሰደዱ በኋላ ነው። ለተሸነፈ አገር ውርደት አንድን ፈራሚ ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ በኋላ ሹመቱ ተከታተለ። በ1955 ሌተና ጄኔራል ሆኑ፤ በ1965 የቲቤት ራስ ገዝ ክልል ሲመሠረት የመጀመሪያው ሊቀመንበር ተባሉ፤ በብሔራዊው ሕዝባዊ ኮንግረስ ቋሚ ኮሚቴም እስከ 1993 ድረስ ምክትል ሊቀመንበር ነበሩ። በቻይና ግን ወሳኙ ቃል የኮሚኒስት ፓርቲው ነው። ክልሉ ሲመሠረት የፓርቲው አንደኛ ጸሐፊ ቻይናዊው ጄኔራል ዣንግ ጉኦኋ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም በዚያ ወንበር ላይ አንድም ቲቤታዊ ተቀምጦ አያውቅም። ከውስጥ ሆኖ ለመከራከር የሞከረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ፑንትሶክ ዋንግያል ያሳዩናል። እኒህ ቲቤታዊ ኮሚኒስት በ1951ዱ ድርድር አስተርጓሚ ነበሩ፤ ኋላ ግን ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ በእስር ማቅቀዋል።

«እንግዲያው ንጋፖይ ጌጥ ብቻ ነበሩ» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በ1987 የክልሉ ሕዝባዊ ኮንግረስ ሊቀመንበር ሳሉ፣ ከሌላው ታላቅ የቲቤት ሃይማኖት መሪ ከአሥረኛው ፓንቼን ላማ ጋር ሆነው ቲቤትኛ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ ቀዳሚ እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አስጸደቁ። በ1989 ያደረጉት ደግሞ ይበልጥ ድፍረት የሚጠይቅ ነው። ከኮሚኒስቶቹ በፊት ቻይናን ይገዛ የነበረው የጉኦሚንዳንግ ፓርቲ መልዕክተኛ ዉ ዦንግሺን የአሥራ አራተኛውን ዳላይ ላማ የ1940 ሥርዓተ ንግሥ መርቻለሁ ይል ነበር፤ ቻይና በቲቤት ላይ ጥንትም ሥልጣን ነበረኝ ለማለት ከምትጠቅሳቸው ታሪኮች አንዱ ይኸው ነው። ንጋፖይ ይህ ፈጠራ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ፤ ንግግራቸውም በራሱ በመንግሥት ጋዜጣ ታተመ። ከስደት ወይም ከእስር ቤት የወጣ ቃል በዚያ ጋዜጣ ላይ ቦታ አያገኝም ነበር።

ይህን ሁሉ አግዝፎ ማየት ግን ስህተት ነው። በ1951 የተገባው ቃል ከስምንት ዓመት በኋላ ፈርሶ የላሳ መንግሥት ሲበተን፣ ንጋፖይ በተተካው አስተዳደር ውስጥ ሹመታቸውን ይዘው ቀጥለዋል። ለዚህ ሊጠየቁ ይገባል። የቋንቋው ደንብም ቢሆን በ2002 ተሻሽሎ ለቲቤትኛ የሰጠውን ቅድሚያ አጥቷል።