እሳት ጫሪው ልጅ
ክፍል ሦስት

ባለፈው ሳምንት፦ ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ከጌዶ ከተማ ወጣ ያለ መንደር። አያቴ፣ እኛ አኮ የምንላቸው፣ በሌሊት ብርድ ብርድ ብሏቸው ጎናቸውን ውጋት ቀስፎ ያዛቸው። ዝገት የመሰለ አክታ ሲተፉ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ጌዶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሳምባ ምች ነበር፤ ድነው ተመለሱ። በአምስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእህቴን ሕፃን የ45 ቀን ክትባት ልትከትብ መጣች። የግራ ታፋዋን እንደወጋች አኮ ልጅቷን ነጥቀው ጉያቸው ከተቷት።

*

ብልቃጧ የተከፈተችው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጽፋ ለጥፋባታለች። አሁን 8 ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

«ይህች አዲሷ ክትባት ናት፤ የሳምባ ምች» አለች። «እንዳትበላሽ የሚያቆይ ነገር አልተጨመረባትም። ከተከፈተች 6 ሰዓት ካለፋት እደፋታለሁ። ብልቃጧ የሁለት ልጅ ናት። አንዱን ታች ሰፈር ከትቤያለሁ፤ የቀረው የዚህች ነው።»

«ሌላ አልያዝሽም?» አለች እህቴ።

«የዛሬው ይኸው ነው። ተመልሼ የምመጣው በወሩ ነው።»

አኮ አልሰሙም፣ ወይም ያልሰሙ መሰሉ። መዳፋቸው የሕፃኗን ቀኝ ታፋ ሸፍኖታል። በሆስፒታል መርፌ የጠቆረው የእጃቸው ጀርባ ይታየኛል።

«ሳምባ ምች የያዘኝ እኔ» አሉ በመጨረሻ። «ሆስፒታል የተኛሁት እኔ። ታዲያ ይህቺን ጣት የምታህል ልጅ በአንድ ቀን ሁለቴ የምትወጊያት ለምንድን ነው? መርፌው የኔ ይሁን፤ እኔን ውጊኝ።»

ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር። ወደ አማርኛ ስመልሰው የድምፃቸው ክብደት ይጎድልብኛል። ጥያቄው ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ለኔም ትክክል መስሎኝ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽኗ አልተቆጣችም። በርጩማውን ወደ መደቡ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«አኮ፣ ቤት ውስጥ እሳት ሲጠፋ ከየት ያመጡ ነበር?»

«ከጎረቤት ነዋ። ጭረን።»

«ማን ነበር የሚላከው?»

«ልጅ ነዋ። ገል ይዞ እየሮጠ።»

«እሳቱ ልጁን ያቃጥለዋል?»

«ተሸክሞት ይመጣል እንጂ ለምን ያቃጥለዋል?» አሉና ዝም አሉ።

በአገጯ ወደ መደቡ ጥግ አመለከተች። የሕፃኗ የሦስት ዓመት ወንድም ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። ከላይኛው ከንፈሩ ላይ የማይጠፋው ንፍጥ ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቷል።

«የዚህ በሽታ ጀርም የሚኖረው በልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ልጁን ምንም አያደርገውም። ተሸክሞት ይሮጣል፣ ያስነጥሳል፣ ከጓደኛው ጋር አንድ ጽዋ ይጠጣል። አንዳንዴ ግን ሳምባው ይወርድና ይጥለዋል፤ ሲብስም ማጅራት ገትር ይሆናል። ማታ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ይተኛል። የእርስዎ ሳምባ የልጅ ሳምባ አይደለም፤ አርጅቷል፣ ጭስ ጠግቧል።»

አኮ ልጁን አዩት። ጡት ከጣለ ጀምሮ ያደረው እሳቸው ብብት ሥር ነው።

«እሱ ነው ያመጣብኝ እያልሽ ነው?»

«እሱ ይሁን ሌላ ማወቅ አይቻልም። እሱን ጥፋተኛ ማድረጌም አይደለም። ይህችኛዋ ግን እሳት ጫሪ እንዳትሆን ማድረግ ይቻላል ነው የምልዎ። በ45 ቀኗ፣ ከዚያ በወሩ፣ ከዚያ እንደገና በወሩ፤ ሦስት ጊዜ። በታፋዋ የሚገባው መድኃኒት ደሟ ውስጥ የሚያበቅለው መከላከያ እስከ አፍንጫዋ ይደርሳል፤ ጀርሙ እዚያ ጎጆ እንዳይቀልስ ይከለክለዋል። እሷ ብቻዋን ግን አትበቃም። የመንደሩ ሕፃናት በሙሉ ሲከተቡ ነው እሳቱ የሚጭረው የሚያጣ።»

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመው። ያቺ ሴት በዚያች ቀን የተናገረችውን ነገር በአገራችን ገና ማንም በዓይኑ አላየውም ነበር፤ ክትባቱ ራሱ የገባው በዚያው በ2004 ዓ.ም. ነውና። የታየው በሌላ አገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕፃናቷን መከተብ ስትጀምር፣ አንድም መርፌ ያልተወጉ አዛውንቶች ላይ ጭምር በሽታው ቀነሰ። ቅርባችን ኬንያ፣ ኪሊፊ በምትባለው የባሕር ዳርቻ አውራጃ፣ ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀመረ። ቀድሞ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 34ቱ በክትባቱ የሚሸፈኑትን የጀርም ዓይነቶች በአፍንጫቸው ይዘው ተገኝተው ነበር። በኋላ ቁጥሩ ወደ 13 ወረደ። ካልተከተቡት ትልልቆች አፍንጫም ቀነሰ። ለእኔ የአኮ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚያ ነው።

መልሱ ሙሉ አለመሆኑንም መደበቅ አልፈልግም። የጀርሙ ዓይነት ከ90 በላይ ነው። ያኔ በብልቃጧ ውስጥ የነበረው መከላከያ የ10ሩ ብቻ ነበር። እነዚያ አፍንጫውን ሲለቁ ክትባቱ የማያውቃቸው ሌሎች ይገቡበታል፤ ኪሊፊም ውስጥ ገብተዋል። ሆኖም የተመረጡት 10ሩ ብዙ ሰው የሚጥሉት ክፉዎቹ ስለነበሩ፣ የልጆቹ ከባድ ሕመም በጠቅላላው በእጅጉ ቀንሷል።

ወደ መደቡ ልመለስ። 9 ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

አኮ መዳፋቸውን በዝግታ አነሡ።

«ለኔ ብላ ከሆነ የምትወጋው» አሉ ሕፃኗን ቁልቁል እያዩ፣ «እኔው ልያዝላት።»

የጤና ኤክስቴንሽኗ ብልቃጧን ናጥ ናጥ አድርጋ ቀዳች። ቀኝ ታፋ። ሕፃኗ አፏን ከፍታ ለአፍታ ድምፅ አልባ ሆነች፤ ከዚያ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። አኮ ጭምር አለቀሱ። እህቴ ካርዱን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ባዶዋ ብልቃጥ ሣጥን ውስጥ ስትወድቅ ቅጭል አለች።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ነው ሌላውን ድምፅ የሰማነው። እህ፣ እህ፣ እህ የሚል አጭር ማቃሰት። ከመደቡ ጥግ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ተንደርድራ ጋቢውን ገለጠች፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ሰበሰበች። ከቦርሳዋ የትንፋሽ መቁጠሪያዋን አውጥታ ተጫነች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ደቂቃው ሞልቶ ሲጮኽ «52» አለች። «በሱ ዕድሜ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው።»

ፊቷን የለወጠው ግን ቁጥሩ አይደለም። ልጁ አየር በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«አሁኑኑ ሆስፒታል» አለች። «አንተ ሩጥ፣ ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ጥራ።»

«ሁሉም ገበያ ናቸው» አልኩ።

«ያገኘኸውን!»

እግሬ ግን አልነቃነቅ አለ። እሷ የመጀመሪያውን መድኃኒት በሻይ ማንኪያ በጥብጣ አፉ ውስጥ አደረገች። ሊውጠው አልቻለም። ተፋው። በጋቢው ላይ የፈሰሰው ነጭ መድኃኒት ቀይ ክር ነበረው።

የኖኪያዋን ባትሪ አብርታ አፉን ከፈተች። ረጅም ጊዜ አየች።

«እንጥሉ የለም» አለች ቀና ሳትል። «ተቆርጧል። ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ማነው ያስቆረጠው?»

ሁላችንም ወደ አኮ ዞርን። በዚህ ቤት እንጥል ወረደ የሚሉት፣ ቅቤና ፌጦ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። አኮ ግን አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት እህቴን ነበር።

«እናንተ ሆስፒታል ሳላችሁ…» አለች እህቴ። ካርዱ የተሸጎጠበትን ደረቷን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው ብቻዬን ነበርኩ። እንጥሉ ነው አሉኝ። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

ማንም አልተናገረም።

«የትንሿንም ቀጥሬያለሁ» አለች፤ ድምፅዋ የማይሰማ ያህል ዝቅ ብሎ። «ለዛሬ።»

ደጅ ውሻው ጮኸ።

(ይቀጥላል)