ዕዳው በጋይንት፣ ኩባንያው በባሕር ማዶ

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የውጭ ሥራ ተቋራጭ ለመንገድ ሥራ ካምፕ ሲተክል፣ ባለገንዘቡ፣ ማለትም ከኩባንያው ገንዘብ የመጠየቅ መብት ያለው ወገን፣ ያበደረው ባንክ ብቻ ሳይሆን ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርበው፣ ቤቱን የሚያከራየው፣ ለሠራተኛው ምግብ በዱቤ የሚያቀርበው ነዋሪም ጭምር ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን ሲሠራ ነገሩ በሁለት መንግሥታት ስምምነት የሚመራ ስለነበር ኩባንያው ባይከፍል ባለገንዘቡ ማንን ይጠይቃል የሚለው ጥያቄ ብዙም አልጎላም፤ ዛሬ ግን የውጭ ተቋራጭ የሚመጣው ጨረታ አሸንፎ፣ አትራፊም ከሳሪም ሊሆን የሚችል ነጋዴ ሆኖ ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው በአውሮፓ ነው። ዴንማርክ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ለሚያቋቁም 200,000 ክሮነር ካፒታል ትጠይቅ በነበረበት ጊዜ ሁለት ዜጎቿ ሴንትሮስ የተባለ ማኅበር በ100 ፓውንድ እንግሊዝ አገር አስመዝግበው፣ እዚያ ምንም ሳይነግዱ፣ በአገራቸው ‹ቅርንጫፍ› ለመክፈት ጠየቁ። የዴንማርክ መዝገብ ቤት ቢከለክላቸውም የአውሮፓ ማኅበረሰቦች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 የሚመች ሕግ መርጦ መመዝገብ ብቻውን መብትን ያለአግባብ መጠቀም እንዳልሆነ ወሰነ፤ ባለገንዘቦችንም በሚመለከት ማኅበሩ በውጭ ሕግ የሚተዳደር መሆኑ ስለሚታወቅ አስቀድመው ሊጠነቀቁ እንደሚችሉ ገለጸ። ይህ መልስ የሕግ ባለሙያ ላለው ባንክ ይበቃ ይሆናል እንጂ ዱቤ ሻጭን አያድነውም።

በኢትዮጵያ የውጭ ኩባንያ ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳያወጣ መነገድ አይችልም፤ ይሁን እንጂ የተመዘገበ ካፒታል ዋስትና ነው ብሎ ማመን ያሳስታል። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ለኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የተቀመጠው ዝቅተኛ ካፒታል፣ 15,000 ብር፣ በዘመኑ ምንዛሪ 6,000 ዶላር ያህል ነበር፤ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ቁጥሩን እንዳለ ስላቆየው ዛሬ የሚያወጣው 100 ዶላር ገደማ ነው። የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት በመደበኛነት የሚጠየቀው 200,000 ዶላርም ቢሆን ለደመወዝና ለዕቃ የሚወጣ ገንዘብ እንጂ ለባለገንዘብ የተቀመጠ ተቀማጭ አይደለም።

ከካፒታሉ ይልቅ መታየት ያለበት የኩባንያው አቋም ነው። ቅርንጫፍ ከዋናው ኩባንያ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው የቅርንጫፉ ዕዳ የዋናው ዕዳ ነው፤ በኢትዮጵያ ራሱን ችሎ የተቋቋመ ተቀጥላ ኩባንያ ግን የራሱ ሰውነት ስላለው፣ ሲከስር የውጭው ባለቤት በመርህ ደረጃ ካዋጣው በላይ አይጠየቅም። በቅርንጫፉ በኩል ዋናውን ኩባንያ ረትቶ ባሕር ማዶ ያለውን ንብረቱን ለማስያዝ ደግሞ ፍርዱ በዚያ አገር ተቀባይነት ማግኘት አለበት፤ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የኒውዮርክ ስምምነትም የሚያስፈጽመው የግልግል ዳኝነት ውሳኔን እንጂ የፍርድ ቤትን ፍርድ አይደለም።

ንብረት አገር ውስጥ ቢኖርም ተራ አለ። በዓለም ገና የተተከለውን፣ የቱርክ ባለሀብት የነበረውን አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብድሩ ሳይመለስ ሲቀር የተረከበው አበዳሪው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ነው፤ ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጡ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የሠራተኛ ደመወዝም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቅድሚያ አለው። በመንገድ ሥራ የተለመዱት የውል ማስከበሪያና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናዎች ደግሞ የሚጠብቁት አሠሪውን መሥሪያ ቤት ነው። በግቢው የቆሙት ዶዘሮች ብዙ ጊዜ የኪራይ ወይም ከቀረጥ ነፃ የገቡ በመሆናቸው፣ ለዓይን የሚሞላው ንብረት ለዕዳ መክፈያ ሲፈለግ ይሳሳል።

በፌዴራል አካል የተመዘገበ ኩባንያ የሚከሰስበት ጉዳይ በክልል የሚታየው በውክልና በከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ የስማዳዋ ወገዳ ወይም የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ባለሱቅ ፍርድ ቤቱ እስካለበት ደብረ ታቦር መጓዝ ይኖርበታል። ከሁሉ የሚጠቅመው መሣሪያ ግን በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ያለው፣ ተከሳሹ ንብረቱን ሊያሸሽ ሲል ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት የሚጠየቀው የማስከበሪያ ትእዛዝ ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን ከማዘዙ በፊት ዕዳው መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚፈልግ፣ የዱቤ ደብተሩ ላይ የፈረመው የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ነው ወይስ በንግድ መዝገብ የሰፈረው ሥራ አስኪያጅ ወይም የእርሱ ወኪል የሚለው ጥያቄ ክርክሩ ሲጀመር ይነሣል።