ጎድጓዳ ደረትን የሚያቃናው ብረት

ጎድጓዳ ደረት ያለው ወንድ ልጅ ጎረምሳ ሆኖ ቁመቱ ድንገት ሲመዘዝ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደረቱ መሐል የነበረው ስርጉድ አብሮ ይጠልቃል። ዋና መሄድ ይተዋል፤ ሸሚዙን ላለማውለቅ ሰበብ ይፈልጋል። ችግሩ ሴቶችም ላይ አለ፣ ወንዶች ላይ ግን ይበዛል። ፍርምባን ከጎድን አጥንቶች ጋር የሚያያይዘው ለስላሳ አጥንት ያለቅጥ አድጎ ፍርምባውን ወደ ውስጥ እንደሚገፋው ይታሰባል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ማርክ ራቪች ያስተዋወቁት ቀዶ ሕክምና ደረትን ከፊት ከፍቶ፣ ጠማማውን ለስላሳ አጥንት ቆርጦ የሚያወጣ ነው። በ1987 ግን በቨርጂኒያዋ ኖርፎክ ከተማ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዶናልድ ነስ ያለዚህ ሁሉ መቁረጥ ሞከሩት። መነሻቸው ይህ ነበር፤ በሳንባ በሽታ ለዓመታት የተጎዱ አረጋውያን ደረታቸው እየተነፋ ቅርጹን ይለውጣል። የአረጋዊ ደረት እንዲህ ከተለወጠ የልጅማ ምን ይከብደዋል? በነስ ዘዴ፣ ለታካሚው ደረት ተለክቶ የታጠፈ ብረት በሁለቱ ጎኖች በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በፍርምባና በልብ መካከል ይሰደዳል። ሲገባ ጉብታው ወደ ጀርባ ዞሮ ነው፤ ከዚያ ሲገለበጥ ፍርምባው እዚያው ብድግ ይላል። ብረቱ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም ብርቱ ነው (ዛሬ ዛሬ የጎድን ነርቮችን በማቀዝቀዝ ያስታግሱታል)። ብረቱ ሊንሸራተት ይችላል፤ መንገዱም በልብ አጠገብ ስለሆነ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል።

የጉድለቱን ክብደት ለመለካት በሲቲ ስካን የታየው የደረት ወርድ በፍርምባና በአከርካሪ መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል። ጤናማ ደረት 2.5 አካባቢ ይሰጣል፤ ከ3.25 በላይ ከባድ ይባላል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልብና ሳንባም ይመረመራሉ።

ልቡም ሳንባውም ደህና ሆኖ መልኩ ብቻ ለሚያስጨንቀው ሰው፣ በሲቲ ስካን ልኩ ተወስዶ የተሠራ ሲሊኮን ከቆዳ ወይም ከጡንቻ ሥር ይቀመጥለታል፤ አለዚያም ከራሱ ገላ የተወሰደ ስብ ይወጋል። ይህን ቅንጦት ማለት ይከብደኛል። አጥንቱ ግን ባለበት ነው፤ ሲሊኮን ትንፋሽ ያሻሽላል የሚል ካለ አትመኑት። የፖላንድ ሲንድረም ያለበት፣ በአንድ ጎኑ የደረት ጡንቻ ሳይኖረው የተወለደ ሰውም በስብ ወይም ከጀርባ ዞሮ በሚመጣ ጡንቻ ይሞላለታል።

ቢላዋ የማይፈልጉ መንገዶችም አሉ። ወደ ፊት የሾለ ደረት በጉርምስና ወቅት በሚታሰር መጫኛ ይመለሳል። ለጎድጓዳው ደግሞ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኤካርት ክሎበ፣ ራሳቸውም ችግሩ ስለነበረባቸው፣ አየር በመምጠጥ ደረቱን ወደ ውጭ የሚስብ ጎማ ሠርተዋል። በየቀኑ ለሰዓታት፣ ለብዙ ወራት ይደረጋል፤ አጥንቱ ከጠነከረ በኋላ ግን የጎማው ጉልበት ይቀንሳል።