ያልተሰማ ዓለም የመጀመሪያ ድምፅ

ፋንታሲ በመባል የሚታወቀው ምናባዊ ልብ ወለድና የሳይንስ ልብ ወለድ ከሌሎች የድርሰት ዘርፎች የሚለዩበት አንዱ ነገር፣ የሚተርኩት ዓለም ከመጽሐፉ ውጭ በየትም ስፍራ የማይገኝ መሆኑ ነው። ስለ አዲስ አበባ ወይም ስለ ጎጃም ገጠር የተጻፈ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው የገበያውን ጫጫታ፣ የባላገሩን ንግግርና የካህኑን ዜማ ከኑሮው ያውቃቸዋልና ጽሑፉ ያላለውን ጆሮው ይሞላለታል፤ ስለ ዘንዶና ስለ አስማተኞች ወይም ከምድር ብዙ የብርሃን ዓመታት ርቆ ስለሚኖር ፍጡር የሚያነብ ሰው ግን የሚተማመንበት የቀደመ ድምፅ የለውም። እንዲህ ያለው ድርሰት በድምፅ ተቀርጾ የሚደመጥ መጽሐፍ ሲሆን፣ ያንን ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አንደበት የሚያሰማው ተራኪው ነው። በመሆኑም በእነዚህ ሁለት ዘርፎች ትረካው የመጽሐፉ ማጀቢያ ሳይሆን የዓለሙ አንድ ክፍል ሆኖ ይቆጠራል።

የትረካ ኃይል ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ መጽሐፉን በገዛ ዓይናቸው የሚያነቡ ብዙ ሰዎች ሳይቀሩ ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻን በወጋየሁ ድምፅ ይሰሟቸዋል። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም፤ የወጋየሁ አድማጭ የባላባቱን አነጋገር አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ተራኪው በትክክል ይናገረው እንደሆነ መመዘን ይችላል። ፈጽሞ ኖሮ ለማያውቅ ሕዝብ ለዛ ግን ሚዛን የሚሆን አድማጭ የለም፣ ተራኪው ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ይቀመጣል።

ይህ ሥልጣን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በስሞች ላይ ነው። በወረቀት የሚያነብ ሰው አስቸጋሪ የሰው ወይም የአገር ስም ሲገጥመው እንደ ምስል በዓይኑ ይዞት ያልፋል፤ አንድን ስም ሺህ ገጽ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ በአፉ ሳይጠራው መጽሐፉን መጨረስ ይቻለዋል። ተራኪ ይህ ዕድል የለውም። ለዚህም ነው ጠንቃቃ ተራኪዎች ወደ ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ አንብበው የስሞች ዝርዝር የሚያወጡትና ደራሲው በሕይወት ካለ አጠራራቸውን የሚጠይቁት። ፊደላችን አናባቢውን በግልጽ ስለሚያሳይ ለአማርኛ አንባቢ ችግሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ማጥበቅንና ማላላትን በፊደል ስለማናመለክት «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን ጊዜን ያመለክት የምንለየው ከዐውዱ ነው፤ የፈጠራ ስም ደግሞ ዐውድ የለውም። የተጻፈው መጽሐፍ ካርታና የቃላት መፍቻ ሲኖረው የሚደመጠው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ስለሚጎድሉት፣ አድማጩ በዚያ ሰፊ አገር ውስጥ መንገዱን የሚያገኘው ስሙ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጠራር ሲመለስለት ብቻ ነው።

ከስሞች የሚከብደው ጉዳይ ጽሑፍ ሆን ብሎ ክፍት የሚተወውን ነገር ድምፅ ለመወሰን መገደዱ ነው። አሜሪካዊቷ አን ሌኪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው «አንሲለሪ ጀስቲስ» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ፣ ታሪኩን የምትነግረው ገጸ ባሕርይ የምትናገረው ቋንቋ ጾታን አይለይም፤ ስለሆነም ወንዱንም ሴቱንም «እሷ» እያለች ትጠራለች፣ አንባቢውም የብዙዎቹን ጾታ ሳያውቅ መጽሐፉን ይፈጽማል። በወረቀት ላይ ይህ እጅግ የተዋጣለት ብልሃት ሲሆን፣ በአንደበት ግን እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ውፍረትና ቅጥነት ያለው ድምፅ ይፈልጋል፣ ድምፁም ደራሲዋ የሰወረችውን ሊያጋልጥ ይችላል። የዚህን ተከታታይ ድርሰት ቀጣይ መጻሕፍት የተረከችው እንግሊዛዊቷ ተዋናይ አጆአ አንዶ ገጸ ባሕርያቱን በድምፅ ውፍረት ሳይሆን በዘዬ፣ ማለትም በአካባቢና በማኅበራዊ ደረጃ በሚለያይ የአነጋገር ጠባይ፣ ለመለየት መጣሯ ለችግሩ የተሰጠ ብልህ መልስ ነው። ግሱ ራሱ «መጣ» ወይም «መጣች» በሚልበት በአማርኛ ለሚያስብ አንባቢ የዚህ ችግር ክብደት ወዲያው ይገባዋል።

የኤን. ኬ. ጀሚሲን «አምስተኛው ወቅት» ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ፈተና ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይህ መጽሐፍ ሁጎ የተባለውን የዘርፉን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ሁለቱ ተከታዮቹም በየተራቸው አሸንፈው ደራሲዋ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸልማበታለች። ታሪኩ የአንዲትን ሕፃን ልጅ፣ የአንዲትን ወጣትና የአንዲትን ጎልማሳ ሴት ሕይወት እያፈራረቀ ይተርካል፤ በሦስቱ መካከል ያለው ግንኙነት ግን ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ይቆያል። ተራኪዋ ሮቢን ማይልስ ድምፆቹን እጅግ ብታቀራርባቸው ምሥጢሩ ሾልኮ ይወጣል፣ እጅግ ብታራርቃቸው ደግሞ ምሥጢሩ በተገለጠ ጊዜ አድማጩ እንደተታለለ ይሰማዋል። መጽሐፉን በዓይን ያነበበ ሰው ይህ ጥንቃቄ መኖሩን እንኳ አይጠረጥርም።

በሕዝብ ዘንድ ዝና የሚያስገኘው ግን ይህን መሰሉ ጥንቃቄ ሳይሆን የድምፆች ብዛት ነው። ጂም ዴል እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን 5ኛውን የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ለአሜሪካ ገበያ ሲተርክ ለ134 ገጸ ባሕርያት የተለያየ ድምፅ በማውጣት በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከዚያ በኋላ ሮይ ዶትሪስ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ሲተርክ ባወጣቸው 224 ድምፆች በዚያው መዝገብ ተመዘገበ። ቁጥሮቹ ያስደንቃሉ፤ ሆኖም የአድማጭ ደስታ የሚጸናው በቁጥር ሳይሆን በወጥነት ነው። የዶትሪስ ሥራ ራሱ ለዚህ ምስክር ይሆናል፤ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በሚጀምረው ተከታታይ ድርሰት መካከል 4ኛውን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበበው ሌላ ተራኪ ሲሆን፣ ዶትሪስ በ88 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ለ5ኛው መጽሐፍ ሲመለስ የአንዳንድ ገጸ ባሕርያት ድምፅና የስም አጠራር ከቀድሞው ተለውጦ በመገኘቱ ብዙ አድማጮች ቅር ተሰኝተዋል። ቅሬታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በእውኑ ዓለም ያለ ሰው ድምፁ ቢለወጥ ጉንፋን ይዞት ይሆናል ተብሎ ይታለፋል፣ ከድምፁ በቀር ሌላ አካል የሌለው ሰው ድምፁ ሲለወጥ ግን ሰውዬው ራሱ ጠፍቷል። የሃሪ ፖተርን የእንግሊዝ ቅጂ በስቲቨን ፍራይ አንደበት እየሰማ ያደገ ሰው የዴልን ትረካ ሲሰማ፣ የዴል አድማጭም የፍራይን ሲሰማ፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሌላ መጽሐፍ የገባበት የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ርዝመቱም ቢሆን ከግምት መግባት ይኖርበታል። የብራንደን ሳንደርሰን «የነገሥታት መንገድ» ለምሳሌ ከ45 ሰዓት በላይ ይደመጣል፤ ለአንድ ሰዓት የሚያስደስት የመድረክ ጉልበት በአርባኛው ሰዓት ያታክታል። በዚህ ነገር ቀዳሚውን ትምህርት የሰጡት ዓይነ ስውራን አንባቢዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ ለእነርሱ ተብለው መሰራጨት በጀመሩት፣ አንዱ ገጽታቸው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ በሚይዝ ሸክላዎች ላይ በተቀረጹት መጻሕፍት ዙሪያ፣ ተራኪ እንደ ተዋናይ ይተውን ወይስ ጽሑፉን በረጋ ድምፅ ብቻ ያቅርብ የሚለው ክርክር ገና ከጅምሩ ተነሥቶ ነበር። ለምናባዊ ልብ ወለድ የሚስማማው የረጋው መንገድ ይመስላል፤ ዘንዶውን ራሱ ደራሲው አግዝፎታልና ተራኪው እንደገና ሊያገዝፈው አይገባም።

ይህን በደንብ የተረዱት ባልና ሚስቱ ማይክል ክሬመርና ኬት ሪዲንግ፣ 14 ቅጽ ያለውን የሮበርት ጆርዳንን «የዘመን መንኮራኩር» ሲተርኩ የተከተሉት ዘዴ ቀላል ነው። ታሪኩ በወንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን የሚታይባቸውን ክፍሎች እሱ፣ በሴት ዓይን የሚታዩትን እሷ ያነባሉ። እንግዲህ አንዱ ሰው በሁለት ድምፅ ይሰማል ማለት ነው፤ ይህም ጉድለት ይመስላል። ነገር ግን ወንዶችና ሴቶች የአስማትን ኃይል በተለያየ መንገድ በሚቀዱበትና አንዱ የሌላውን ፈጽሞ በማይረዳበት በዚያ ዓለም፣ ድምፁ በተለወጠ ቁጥር አድማጩ ነገሩን አሁን የሚያየው በማን ዓይን እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ያውቃል።

አልፎ አልፎም ድምፅ ከወረቀት ይበልጣል። በአንዲ ዊር «ፕሮጀክት ሄል ሜሪ» ውስጥ ከምድር የሄደ አንድ ሰው በጠፈር የሚያገኘው ሮኪ የተባለ ፍጡር ዓይን የለውም፣ አካባቢውን የሚያውቀው በድምፅ ነው፣ የሚናገረውም በአንድነት በሚሰሙ የሙዚቃ ድምፆች ነው። መጽሐፉ ይህን ማሳየት የሚችለው በሙዚቃ ምልክት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓመቱ ምርጥ የሚደመጥ መጽሐፍ ተብሎ ኦዲ የተባለውን ሽልማት ባገኘውና ሬይ ፖርተር በተረከው ቅጂ ግን ድምፆቹ ራሳቸው ይሰማሉ፤ ሰውየው ቋንቋውን እየተማረ ሲሄድም የተራኪው ቃል በሙዚቃው ላይ ይደረባል። ስለዚህ አድማጩ የባዕዱን ንግግር መጀመሪያ እንደ ባዕድ ሰምቶ ቀስ በቀስ ይለምደዋል፣ ወዳጅነታቸውም በጆሮው ውስጥ ይፈጸማል።

ለዘርፉ መሠረት የጣለው ጄ. አር. አር. ቶልኪን የድምፅን ኃይል አስቀድሞ ሳይረዳው አልቀረም። የቋንቋ ሊቅ የነበረው ቶልኪን ቋንቋዎችን ፈጥሮ ሕዝቦቹንና አገሮቹን ያበጀላቸው በኋላ እንደሆነ ራሱ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 «የቀለበቶቹ ጌታ» አሳታሚ አጥቶ ተስፋ በቆረጠበት ወቅት፣ በእንግሊዟ ማልቨርን ከተማ በወዳጁ በጆርጅ ሴየር ቤት እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው የቴፕ መቅረጫ ቀረበለት። በመሣሪያው ውስጥ ያደረ ርኩስ መንፈስ ቢኖር ለማስወጣት ሲል አቡነ ዘበሰማያትን ጎቲክ በተባለው ጥንታዊ ቋንቋ ደገመበት፤ ከዚያም ከገዛ ድርሰቱ እያነበበ፣ ግጥሞቹንም እያዜመ ቀዳ። መልሶ ባዳመጠው ጊዜ ሥራው ደስ አሰኘውና ንባቡን ቀጠለ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ ታተመ፤ ከእነዚያ ቅጂዎች የተመረጡትም ደራሲው ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1975 በሸክላ ወጡ።