አዲስ አበባ ስታዲየም፦ ከካታንጋ እስከ ጥላ ፎቅ

የታክሲ ረዳት «ስታዲየም! ስታዲየም!» እያለ ሲጣራ ከሚሳፈረው ሕዝብ ውስጥ ኳስ ሊያይ የሚሄድ አንድም ላይኖር ይችላል። ስሙ የሰፈርም፣ የቀላል ባቡር ጣቢያም ስም ሆኗል። ከመስቀል አደባባይ ጎን፣ ከለገሃር ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለው ይህ ሜዳ በጃንሆይ ዘመን የሚጠራው በእሳቸው ስም ነበር።

ትልቁ ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አራት ሀገሮች ብቻ የተሳተፉበት ነበር። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትታ ለፍጻሜ ስትደርስ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ጠበቀቻት። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለቱንም ጊዜ ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛውን ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ቴሌቪዥን ገና ወደ ሀገራችን አልገባም ነበርና ያን ጨዋታ በቀጥታ በዓይኑ ያየ ሰው በሜዳው የተገኘው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ አላነሳችም።

ውድድሩ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. እንደገና ወደዚሁ ሜዳ መጥቷል። በሁለተኛው ሞሮኮ ከጊኒ 1 ለ 1 ብትለያይም ነጥቡ በቅቷት ዋንጫውን ይዛ ሄደች።

ስታዲየሙን ያለ መቀመጫዎቹ ማውራት አይቻልም። ክቡር ትሪቡን የባለሥልጣንና የእንግዳ ነው። ጥላ ፎቅ ከፀሐይም ከዝናብም ያስጥላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚባሉት ደግሞ የየራሳቸው ደንበኛና የየራሳቸው ጨዋታ አዋቂ አላቸው። በጊዮርጊስና በቡና ጨዋታ ቀን ዘፈኑን የሚያወጣው፣ ዳኛውን የሚሰድበው፣ አሰልጣኙን የሚያሰናብተው ይኸው ደጋፊ ነው። እኔ እንደማምነው ለእግር ኳሳችን ከፌዴሬሽኑ ይልቅ የደከመው እሱ ነው።

ሜዳውን የከበበው መም የአትሌቶች ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሂዶበታል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣልና አየሩን ያልለመደ እንግዳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከስታዲየሙ ውጭ ዙሪያውን የስፖርት ልብስ፣ የዋንጫና የሜዳሊያ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ጨዋታ ባይኖርም ገበያው አይዘጋም።

የቅርቡ ታላቅ ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 የተሸነፈው ብሔራዊ ቡድን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ከሜዳ ውጭ ባስቆጠራቸው ጎሎች ብልጫም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ውርደት ነው። ስታዲየሙ የካፍን መስፈርት ማሟላት አቃተው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስትረታ «በሜዳዋ» የተባለው ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ካታንጋ ሊጨፍርበት የሚገባውን ቀን በቴሌቪዥን አየው።

62,000 ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ በ2008 ዓ.ም. ቦሌ ላይ ተጀምሯል። ሲያልቅ ብሔራዊ ቡድኑ ወደዚያ ይሂድ፤ የሚገባው ነው። አሮጌው ስታዲየም ግን ለክለቦቹና ለአትሌቶቹ ይቅር፤ ቦታው ውድ ነው ተብሎ ለሕንፃ እንዳይሰጥ የሚመለከተው ሁሉ ከወዲሁ ያስብበት።