ሥራ ትምህርት ሲሆን፦ የሞንቴሶሪ አስተምህሮ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች

በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የአጠቃላይ ትምህርት መዋቅር 6-2-4 ሆኗል። በዚህም 7ኛና 8ኛ ክፍል “መካከለኛ ደረጃ” ተብለው ራሳቸውን ችለው ቆመዋል። ሁለቱ ዓመታት አጭር ቢሆኑም በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላሉ የደጋ ቤተሰቦች ከባድ ውሳኔ የሚወሰንባቸው ናቸው። ወንዱ ልጅ ሞፈር ለመጨበጥ ደርሷል፤ ሴቷን ልጅ ለመዳር የሚጠይቅ ሽማግሌ ይመጣል፤ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅም ከታናናሾቹ ጋር ለመቀመጥ ያፍራል። በዚህ ጊዜ ወላጅ “ትምህርት ቤቱ ለልጄ ምን ይሰጠዋል?” ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው የሞንቴሶሪ የትምህርት ዘዴ የሚሰጠውን ምላሽ ያብራራል፤ ወላጆች በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ሊጠይቁ የሚገባቸውንም ያመለክታል።

የሞንቴሶሪ ዘዴ ምንድን ነው?

ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1870 በኢጣሊያ የተወለዱ ሐኪምና የትምህርት ሊቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1907 በሮም ከተማ በድሆች መንደር በሳን ሎሬንዞ የመጀመሪያውን “የልጆች ቤት” ከፈቱ። ልጅ በተዘጋጀ ቦታ፣ በእጁ እየሠራና በራሱ ፍጥነት ሲሄድ በተሻለ እንደሚማር በዚያ አሳዩ። በአገራችንም ስማቸው ይበልጥ የሚታወቀው ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር ተያይዞ ነው።

ይሁን እንጂ ሞንቴሶሪ የሰውን ዕድገት እስከ 24 ዓመት ድረስ በአራት እርከኖች ከፍለው የተመለከቱ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን ስድስት ዓመት ነው። ሦስተኛው እርከን ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለው የጉርምስና ዕድሜ ነው። በእርሳቸው አስተያየት ጎረምሳው ለማኅበራዊ ሕይወት እንደ አዲስ የሚወለድ ነው፤ ሰውነቱ በፍጥነት ይለወጣል፣ ቶሎ ይደክማል፣ የሰውን አስተያየት አብዝቶ ይፈራል። ከሁሉም በላይ “እኔ የምረባ ሰው ነኝን?” የሚለው ጥያቄ ያስጨንቀዋል። ለዚህ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ መገልበጥ መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው ልጁ በእጁ የሠራው ነገር ለሌሎች ሲጠቅም በዓይኑ ማየቱ ነው።

ስለዚህ ሞንቴሶሪ ለዚህ ዕድሜ በገጠር የሚቋቋም ትምህርት ቤት አሳሰቡ። በዚያ ተማሪዎች መሬት ያለማሉ፤ ምርታቸውን የሚሸጡበት ሱቅ ያስተዳድራሉ፤ እንግዳ ይቀበላሉ፤ ሒሳባቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። ይህ የቀለም ትምህርትን የሚተካ አይደለም። ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ሥነ ምግባር፣ ሙዚቃና ሥዕል በዕቅዳቸው ውስጥ ሁሉም አሉ። ልዩነቱ ሥራው ጥያቄውን ማንሣቱ፣ ትምህርቱ ደግሞ መልሱን መፈለጉ ነው።

በጎጃም ደጋ እንዴት ይታያል?

በሌላው ዓለም ይህን አስተምህሮ ለመተግበር የሚፈልጉ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ መሬት መግዛት ግድ ሊሆንባቸው ይችላል። በምሥራቅ ጎጃም ግን መሬቱም ገበሬውም በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ናቸው።

ለምሳሌ በጎጃም ደጋ የአፈር አሲዳማነት ምርት የሚቀንስ የታወቀ ችግር ሲሆን፣ አንዱ መፍትሔ የግብርና ኖራ መጠቀም ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት እኩል መደብ አዘጋጅተው፣ አንዱን አስቀድሞ ኖራ ጨምረውበት ሌላውን እንዳለ ትተው፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ገብስ ቢዘሩ በአጠቃላይ ሳይንስ ስለ አሲድና ቤዝ የተማሩት በእጃቸው ይገባል። የቡቃያውን ቁመት በየሳምንቱ ለክተው በሠንጠረዥ ሲያሰፍሩ ሒሳብ ይማራሉ፤ ውጤቱን ለቀበሌው አርሶ አደሮች ሲያስረዱ ደግሞ አማርኛቸውን ያዳብራሉ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ያለ ትምህርት ቤት የአፈር መሸርሸርንና እርከንን፣ ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞችን ማጥናት ይችላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተካተተው የሙያና ቴክኒክ ትምህርትም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቦታ ይሰጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። በርካታ የገጠር ልጆች 8ኛ ክፍልን እንደጨረሱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ወረዳ ከተማ ሄደው፣ ቤት ተከራይተው፣ ከወላጅ በሚላክ ስንቅ ይማራሉ። ገንዘብ መቆጠብ፣ ጊዜ መመደብ፣ ከጓደኛ ጋር በስምምነት መኖር ከዚያ በፊት ሊለመዱ ይገባል። ይህን የሚለማመዱበት ጊዜ የመካከለኛ ደረጃው ሁለት ዓመት ነው።

አካባቢው ለዚህ ባዕድ አይደለም። በጎንጅ፣ በዋሸራና በዲማ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው በለጋ ዕድሜው ከቤቱ ወጥቶ፣ ጎጆውን ቀልሶ፣ ራሱን እየመገበ ይማር ነበር። ነባሩ አዲሱን ያስጠናል፤ ተማሪውም የሰማውን በመድገም ብቻ ሳይወሰን በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። በአንጻሩ ረኃብና በሽታ የብዙዎችን ትምህርት ያቋርጡ ነበር፤ ለሴት ልጆችም በሩ እምብዛም ክፍት አልነበረም። ከዚህ ባህል ልንወስድ የሚገባን ኃላፊነቱንና ፈጠራውን እንጂ መከራውን አይደለም።

ሥራና የጉልበት ብዝበዛ አንድ አይደሉም

“ልጄ እርሻውን በቤቱም ይሠራዋል፤ ለዚህ ትምህርት ቤት ምን ያደርግለታል?” የሚል ወላጅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ በሦስት ነገሮች ይታወቃል።

አንደኛ፣ ሥራው ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪው ያቅዳል፣ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ያልተሳካው ለምን እንዳልተሳካ ይመረምራል። ሁለተኛ፣ ሥራው በልጁ አቅም ልክ ነው፤ የዕረፍትና የጥናት ጊዜውን አይሻማም፤ ወንዱና ሴቷ በእኩል ይሳተፉበታል። ሦስተኛ፣ የሚገኘው ገቢ በግልጽ ይታወቃል፤ ተማሪዎችም በአጠቃቀሙ ላይ ይመክራሉ። በመጋዞ ወይም በኪራይ የተሰጠ የትምህርት ቤት መሬት ገቢ ሊያስገኝ ይችላል፤ ለተማሪው ግን ትምህርት አይሆነውም። ተማሪዎችን ያለ ምንም ማብራሪያ ለአረም ማሰማራትም እንዲሁ ነው።

በሕግም ረገድ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅን ቀጥሮ ማሠራትን ይከለክላል። የፌዴራሉም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። በመሆኑም የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ የምትሆን ልጅ ቦታዋ ትምህርት ቤት ነው።

ወላጆች ምን ሊጠይቁ ይገባል?

በሰሌዳ ላይ “ሞንቴሶሪ” የሚል ስም መጻፉ በራሱ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ማንኛውም ትምህርት ቤት የሚከተለው ዘዴ ምንም ይሁን ምን የእውቅና ፈቃድ ሊኖረውና ሥርዓተ ትምህርቱን ሊያሟላ ይገባል። የ8ኛ ክፍል ተማሪም ክልላዊ ፈተና ይወስዳል። በአንጻሩ ሞንቴሶሪ የሚል ስም የሌለው የቀበሌ ትምህርት ቤት የአስተምህሮውን ፍሬ ነገር ሊተገብር ይችላል። ስለሆነም ወላጆች የሚከተሉትን እንዲጠይቁ ይመከራል፦

• መምህራኑ በዘዴው ሥልጠና ወስደዋልን? ማስረጃቸውስ ከየት ነው?
• ተማሪዎች በሳምንት ስንት ሰዓት በተግባር ይማራሉ? ሥራው ከየትኛው የትምህርት ዓይነት ጋር ተያይዟል?
• የትምህርት ቤቱ መሬት በማን ይለማል? ገቢውስ ለምን ይውላል?
• ሴት ተማሪዎች ንጹሕና የተለየ መጸዳጃ አላቸውን? በሥራ ክፍፍሉስ እኩል ናቸውን?
• ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ ልጅ በዕድሜው እንዳያፍር ምን ድጋፍ ይደረግለታል?

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ መደብ፣ አንድ የሒሳብ መዝገብና ፈቃደኛ መምህር በቂ ናቸው። ሐሳቡን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ወይም ለቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ማቅረብ ይቻላል። ስለ ትምህርት ቤቶች እውቅናና ያቋረጡ ተማሪዎችን ስለማስመዝገብ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መረጃ ይሰጣል። ያለዕድሜ ጋብቻ የሚያሰጋት ልጅ ካለች ደግሞ ለርእሰ መምህሩ፣ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ሳይዘገይ ማሳወቅ የሁሉም ዜጋ ኃላፊነት ነው።